ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ

በእኛ አገር አሮጌ ፎቶግራፍ በጥድፊያ የሚፈለገው ሰው ሲሞት ነው። ድንኳን እየተተከለ፣ የእድሩ ወንበር እየወረደ ሳለ አንዱ ልጅ ሳጥን ከፍቶ እናቱ ወይም አባቱ «ጥሩ የወጡበትን» ምስል ይፈልጋል። ያገኘውን ይዞ ፎቶ ቤት ይሮጣል፤ ምስሉ አድጎ ይታተማል፣ ፍሬም ይገባለታል፣ ለቅሶው ላይ ይቆማል። ዋናው ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሳጥኑ አይመለስም። ወይ ፎቶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይረሳል፣ ወይ በአንዱ ዘመድ ኪስ ታጥፎ ይሄዳል። በዚያው ግርግር የቀሩት ፎቶዎች ይገላበጣሉ፤ «ይኼ ደግሞ ማነው?» ይባላል። መልሱን የሚያውቁት የሚለቀስላቸው ሰው ናቸው።

ስለ አሮጌ ፎቶ አያያዝ ሲወራ ቶሎ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ሻጋታ፣ ብልና ስካነር ነው። እነርሱም ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ነገር ግን በደንብ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ደረቅና ጨለማ ቦታ ካገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። ምስሉ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ያን ያህል ዕድሜ የለውም። ወረቀቱ ሳይደበዝዝ ስሙ ይጠፋል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ለስላሳ እርሳስ ነው።

የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶ አንሺዎች ይዞ መጥቷል፤ ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀምጧል። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ያከማቻቸው ፎቶዎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት፣ እስከ 1935 ድረስ የተነሡ ፎቶዎችን የያዘው መጽሐፍ፣ እንዲሁም ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው ክምችት ለዚህ ታሪክ ትልቅ ባለውለታዎች ናቸው። ቢሆንም በእንዲህ ያሉ ስብስቦች ንጉሡ ስም አላቸው፣ መኳንንቱም ጳጳሱም ስም አላቸው። ከኋላ ቆሞ በቅሎ የያዘው ሰው «አሽከር» ተብሎ ይታለፋል።

ሰው ብቻ ሳይሆን ከተማም እንዲሁ ይታለፋል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ለብዙ መንገደኛ ሦስቱም የአዲስ አበባ መውጫ ብቻ ነበሩ፤ አውቶቡሱ ፍጥነት ሳይቀንስ የሚያልፋቸው። ኋላ ፋብሪካው መጣ፣ ተከራዩ መጣ፣ ኮንዶሚኒየሙ መጣ። አስተዳደሩም ቅርፁን ሲለዋውጥ ቆይቶ በ2015 ዓ.ም ገደማ ሸገር ከተማ ሲቋቋም ሦስቱም ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በእርሱ ሥር ሆኑ። ቢሮ ሲዛወር መዝገብ አብሮ ይጫናል፤ በየጭነቱ መሐል ምን እየተንጠባጠበ እንደሚቀር አንድ ጊዜ ፋይል ጠፍቶበት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። የእነዚህ ከተሞች ታሪክ እንግዲህ በብዛት ያለው በየቤቱ ነው፦ ከአልጋ ሥር ባለ ሻንጣ፣ በቁም ሳጥን አናት፣ በእድር ጸሐፊ ቤት፣ በፎቶ ቤት ጓዳ።

ሰበታን እንውሰድ። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ተመሠረተ፣ በአብዮቱ ዘመን ተወረሰ፣ በ2004 ዓ.ም በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ ተሸጠ፣ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ወደ ካስቴል ተላለፈ። ይህ በጋዜጣ ተጽፏል። ጠርሙስ አጣቢዋ በስንት ሰዓት ትገባ እንደነበር፣ የሠራተኛው እግር ኳስ ቡድን ምን ዓይነት ማልያ ይለብስ እንደነበር፣ በሜይ ዴይ ሰልፍ ማን ከፊት እንደቆመ ግን በሽያጭ ውል ውስጥ አይገኝም። እርሱ ያለው በጡረተኛው ቤት፣ ከሠራተኛ መታወቂያውና ከምስክር ወረቀቱ ጋር በተቀመጡ አራት አምስት ፎቶዎች ነው። ፎቶውን ስትመለከቱ ደግሞ ሰዎቹን ብቻ አትዩ፤ ከትከሻቸው በላይ ያለውንም እዩ። ሰበታ በ2009 ዓ.ም የተመረቀውና ጅቡቲ የሚደርሰው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ናት። ሃዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ያ ሜዳ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው ምናልባት አንድ ሙሽራ ከሚዜዎቹ ጋር ሲነሣ ሳያስበው ከኋላው የገባ የጤፍ ማሳ ይሆናል። ቡራዩም እንደዚሁ ነው፤ ከኋላው የገፈርሳ ውኃና ገና ቤት ያልሞላበት ዳገት የሚታይበት የቤተሰብ ፎቶ ለከተማዋ እንደ ካርታ ያገለግላል።

በዚያችው በሰበታ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። የእርሱን ተማሪዎች የቡድን ፎቶ ማሰብ ስለ ምስል ያለንን ግምት ትንሽ ያናጋል፤ ከተነሡት ውስጥ አብዛኞቹ ፎቶውን አይተውት አያውቁም። በዚያ ቀን ማን አጠገባቸው እንደቆመ፣ ማን እንዳሳቃቸው፣ ፎቶ አንሺው «ቀና በሉ» ሲል ወዴት ፊታቸውን እንዳዞሩ ግን ያስታውሳሉ። ለዓይናማውም ቢሆን ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው፦ ፎቶውን አስቀምጦ ማስወራት፣ የተወራውን መቅዳት። በአሁኑ ጊዜ በእጅ ያለ ስልክ ሁሉ ድምፅ ይቀዳል። አንድ ሰዓት ከአንዲት እናት ጋር ቁጭ ብሎ፣ ቡናው ሲፈላ፣ «ከግራ ስንጀምር ይቺ ማን ናት?» እያሉ መጠየቅ ስካነር የማይሰጠውን ይሰጣል። ሲጠየቁ መልስ ያጡበትን ፎቶ ወዲያው አትለፉት። ሌላ ፎቶ አሳይታችሁ ተመለሱበት፤ ስም አንዳንዴ በጎረቤት ስም ተጎትቶ ይመጣል።

ዓመተ ምሕረቱን ስትጠይቁ ቁጥር አትጠብቁ። «ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ? መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ይቺ ልጅ ተወልዳ ነበር? ደርግ ሲወድቅ እዚህ ቤት ነበራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። 1966፣ 1971፣ 1983 የታወቁ ችካሎች ናቸው፤ የሰው ትዝታ በእነርሱ መካከል ቦታውን ያገኛል። ፎቶው ራሱም ይመሰክራል። ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ወረቀት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከአብዮቱ በፊት ያለ ነው። በጀርባው ወይም አብሮት በተገኘው ሰነድ ላይ «ቀበሌ» የሚል ማኅተም ካለ ማኅተሙ ከ1967 ዓ.ም አይቀድምም፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የታወጁት በዚያ ዓመት ነውና። አፍሮ ጠጉርና እግሩ የሰፋ ሱሪ የት እንደሚያደርሱን ከእናንተ ይልቅ አክስታችሁ ትነግራችኋለች። አንዳንዱ ደግሞ ችግሩን ራሱ ፈትቶልናል፤ ለጓደኛ የተሰጠ ጉርድ ፎቶ ጀርባው ላይ «ለመታሰቢያ» ከሚለው ቃል ጋር ቀንና ፊርማ አለበት። የእኛ ሰው ፎቶን እንደ ደብዳቤ ይሰጥ ስለነበር ጀርባው ከፊቱ ያላነሰ ሰነድ ነው። አልበም ላይ በሙጫ የሚለጥፍ ሰው ግማሹን ታሪክ አፈነው ማለት ነው።

በሦስቱ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የአያትየው ደብዳቤና የፎቶ ጀርባ ጽሑፍ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ልጁ ደግሞ አፋን ኦሮሞን በቁቤ የተማረ ነው። ጽሑፉን ራሱ ላያነበው ይችላል። የሚያነብለት ጎረቤት ሳለ በድምፅ አስነብቦ መቅዳትና ስሞቹን በሁለቱም ፊደል መጻፍ ትንሽ ሥራ ነው። የሰውና የቦታ ስም ስትመዘግቡ ባለቤቱ በሚጠራበት አኳኋን ጻፉት፤ አታሳምሩት።

በእርሳስ ስንጽፍ ከምስሉ ጀርባ፣ ከጠርዙ አካባቢ፣ ፎቶውን በጠንካራና ንጹሕ ነገር ላይ ገልብጠን፣ ሳንጫን ነው። እስክሪብቶ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ይዘልቃል ወይም በላዩ ለተቀመጠው ፎቶ ይተላለፋል። ጀርባው የሚያንሸራትት ፕላስቲክ መሰል ከሆነና እርሳስ ካልያዘ በላዩ ላይ አትታገሉ፤ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ከቱትና በፖስታው ላይ ጻፉ፣ ፎቶውን ከማስገባታችሁ በፊት። እጅ ታጥቦ የደረቀ ይሁን፤ ጠርዙን እንጂ ፊቱን አትንኩ፣ የጣት ወዝ ዓመታት ቆይቶ አሻራውን ያወጣል።

አሁን ወደ ጠላቶቹ። የመጀመሪያው ብዙዎቻችን ሳሎን የሰቀልነው ነው፤ አንድ ትልቅ ፍሬም፣ በአንድ መስታወት ሥር የተጠቀጠቁ ሃያ ፎቶዎች፣ ከሠርግ እስከ ምርቃት። ቤቱን ያሞቃል፣ እንግዳውን ያናግራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን በክረምት እርጥበት የፎቶው ፊት ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ ቀለሙን ይበላዋል። መፍትሔው ፍሬሙን ማውረድ አይደለም፤ ዋናዎቹን አውጥቶ ቅጂ መስቀል ነው። የተጣበቀ ካገኛችሁ በቢላ አትላጡት። እንዳለ፣ በመስታወቱ ላይ እንደተጣበቀ፣ ስካን አድርጉት ወይም ፎቶ አንሡት።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ሜዳዋ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ ገደማ አልፎ ከቆየ ሻጋታ መብቀል ይጀምራል፤ ፎቶን ፎቶ ያደረገው ጄላቲን ደግሞ ለሻጋታም ለነፍሳትም ምግብ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ከውጪ ግድግዳ ጋር አይጠጋ፣ ኮርኒስ ላይ አይውጣ፤ በቆርቆሮ ሥር ቀን የሚያቃጥልና ሌሊት የሚያበርድ ቦታ የከፋው ነው። የቁም ሳጥን መካከለኛ መደርደሪያ ይበቃል። ማእድ ቤት አጠገብም አይሁን፣ የእንጨት ጢስ ይደርሳል። በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጋዜጣ ደግሞ አሲዱንና ቀለሙን ያጋባል። ነጭ የወረቀት ፖስታና ክዳን ያለው ጠንካራ ካርቶን ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው። ሻጋታ ካያችሁ ፎቶውን ከሌሎቹ ለዩት፣ ነፋሻና ጥላ ቦታ አድርቁት፣ ሲደርቅ ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምስሉን ራሱን ያነሣዋል።

ስለ አልበም አንድ ቃል። ገጹ ሙጫ ያለበት፣ በላዩ ላስቲክ የሚጋረደው አልበም ብዙ ቤት ገብቷል፤ ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ላስቲኩ ይጣበቃል። ፎቶው በቀላሉ ከተነሣ አውጡት፣ ካልተነሣ ገጹን እንዳለ ቅዱት። የተቀደደውን በስኮች መቀጠልም ይቅር። በቀለም ፎቶዎች ላይ ደግሞ ፈጠን በሉ። የእናቶቻችን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ደህና ሆኖ ሳለ የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ባለቀለም የሠርግ ፎቶ ወደ ቀይ አዘንብሎ ታገኙታላችሁ፤ የቀለሙ ኬሚካል በጨለማም ቢሆን ይደበዝዛል። ጊዜና ገንዘብ ካነሰ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው፣ ዕድሜው ቢያንስም።

ውኃ ቤት ገብቶ ፎቶ ከራሰ ቀኑ አጭር ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታው ይነሣል። እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይደርቁ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ለያዩአቸው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በጥላ አድርቁ። ቢጣመሙ ይጣመሙ። ካውያ አታስነኩ።

ፎቶ ያልሆነውስ? የእድር መዝገብ ከምንም በላይ የማደንቀው ሰነድ ነው። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን እንደሞተ፣ መዋጮው ከስሙኒ ወደ ስንት ብር እንዳደገ ተጽፎበታል፤ ስለ አንድ ሰፈር ከዚያ የተሻለ ታሪክ የለም። ከዚያ ቀጥሎ የደርግ ዘመን የራሽን ካርድ፣ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ። ላሚኔት አታድርጓቸው፤ በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ዳግመኛ አይለቅም። ሱሉልታ የሯጮች መንደር ናት፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራባት፣ ብዙ ስማቸው ያልተነገረ ወጣቶችም ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡባት። በእነርሱ ቤት የደረት ቁጥር ከነመርፌ ቁልፉ ይቀመጣል። ቁልፉን አውጡት፣ ዝገቱ ጨርቁን ይበላዋል። ሜዳልያውን በሎሚና በአመድ ማሻሸት የሚወዱ አሉ፤ ብልጭ ይላል፣ ግን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይላጣል። በጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ይሻላል። ብራና ወይም አሮጌ መስቀል ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፣ «ጥሩ ዋጋ» ይዞ በር የሚያንኳኳው ሰው ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

ቅጂ የሚያስፈልገው ለውበት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ልጁን አቅፎ የሚሸሽ ሰው አልበም አያነሣም። ከዚያ ወዲህም በከተሞቹ ዙሪያ ቤት ሲፈርስ፣ ቤተሰብ በአንድ ቀን ዕቃ ሲጭን አይተናል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ እንዲሆን ነው። ለእኛ ይህ ማለት አንዱ በስልክ ወይም በኮምፒውተር፣ አንዱ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ፣ ሌላው አዋሳ ወይም ዋሽንግተን ባለች እህት ዘንድ ማለት ነው።

ስካነር ካለ በ600 ዲፒአይ፣ ለኔጋቲቭ ከ2,400 ባላነሰ፣ ጀርባውንም ጭምር። ከሌለ ስልክም ይሆናል፤ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ። በቴሌግራም ስትላላኩ «እንደ ፎቶ» ሳይሆን «እንደ ፋይል» ላኩ፤ አለበለዚያ ምስሉ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ለፋይሉ ስም ስጡት፦ ቦታ፣ ዓመት፣ ሁኔታ፣ ተራ ቁጥር። ዓመቱ ዓ.ም ይሁን እ.ኤ.አ. አብራችሁ ጻፉ፤ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚያሳስት ሌላ አገር ብዙ የለም። አሮጌ ፊት «አድሳለሁ» የሚሉ የስልክ መተግበሪያዎችን በተመለከተ እኔ ጥብቅ ነኝ። ያልነበረ ዓይንና ያልነበረ ጥርስ ይፈጥራሉ፤ የአያታችሁን መልክ የሚገምት ማሽን አያታችሁን አያውቃቸውም። ደስ ካላችሁ ሞክሩት፣ ያልተነካውን ቅጂ ግን ለብቻው አስቀምጡ። በቀይ ሽብር ዘመን በፍርሃት የተቀደደ፣ አንድ ሰው ተቆርጦ የወጣበት ፎቶም ቀዳዳው እንዳለ ይቅዳ።

ይህን ሁሉ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊሠራው ይችላል፤ እድር ቢሠራው ግን ከተማ ይወጣዋል። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ቅጂው አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ፣ መጽሐፉ በየባለቤቱ ቀረ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚያ ቅጂዎች ካታሎግ ነው። በቅርብ ጊዜም ፊሊፕ ሹትስ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ከተራ ሰዎች አልበም የለቀሙትን እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። ቅጂው ይሄዳል፣ ዋናው ይቀራል፤ በዚህ ደንብ ማንም እናት ሳጥኗን ለመክፈት አትፈራም። የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ባለበት እሑድ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስካነር፣ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያላት አንዲት ተማሪና ፖስታ ማዘጋጀት ነው። ሰው ፎቶውን አምጥቶ፣ አስቀድቶ፣ ይዞት ይመለስ። ለሕዝብ እንዲታይ ይፈቅድ እንደሆነ በዚያው ይጠየቅ፤ በሕይወት ያለ ሰው የታየበትንና ለቤተሰብ የሚያሳፍረውን ለይቶ የማስቀረት መብት የባለቤቱ ነው።

የቀረው ፎቶ ቤቶቹ ናቸው። ዲጂታል ሲመጣ የተዘጉት በየጓዳቸው ሺህ በሺህ የሚቆጠር ኔጋቲቭ አላቸው፤ ሰው ፎቶውን ወሰደ እንጂ ኔጋቲቩን አልጠየቀም። ባለቤቱን ዛሬውኑ አነጋግሩ፣ ሱቁ ከመከራየቱ በፊት። የደንበኛ መዝገብ ካለው እርሱን አስቀድሙ፤ ቁጥሩን ከስም የሚያገናኘው እርሱ ብቻ ነው። ካርቶኑን ስትከፍቱ የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፣ በሽታውም ወደ ጎረቤቱ ይጋባል። ያንን ካርቶን ከሌሎቹ ለይታችሁ፣ አየር ባለበት ቦታ አስቀምጡና ስካን ማድረጉን ከእርሱ ጀምሩ።